ዚርኮኒያ፣ ፖርሰሊን ወይስ ኢማክስ? ክራውን ከማሠራታችሁ በፊት

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከፈጣን መንገዱ መግቢያ ብዙም የማይርቅ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ከታች ጎማ ቤት፣ ከጎን ሻይ ቤት፣ ከላይ እኛ። የጥርስ ላብራቶሪ ነን። ከአቃቂ፣ ከገላን፣ ከኮዬ ፈጬ ክሊኒኮች ልኬት በባጃጅ ይልካሉ፣ እኛ ጥርሱን ሠርተን እንመልሳለን። ታካሚ እኛ ጋ መምጣት የለበትም። ግን ይመጣል። ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ፣ ስልኩን አውጥቶ የሆነ ማስታወቂያ ያሳየኝና "ይሄ ዚርኮኒያ የሚሉት እውነት ከሁሉም ይበልጣል?" ይለኛል።

ደስ ነው የሚለኝ። ሰው ለስልክ ከቨር ሦስት ሱቅ ይዞራል፤ አፉ ውስጥ ዓመታት ለሚቀመጥ ነገር ግን "ዶክተር፣ እርስዎ እንዳሉ" ብሎ ዝም።

ከመጡት ሁሉ የማልረሳቸው አንዲት እናት ናቸው። ቆሎ ሲቆረጥሙ ጠጠር ነክሰው መንጋጋቸው ተሰነጠቀ። ስሩ ታክሟል፣ የቀረው ክራውን ነው፣ ማለትም የተሞረደውን ጥርስ እንደ ቆብ የሚሸፍነው ሰው ሠራሽ ጥርስ። ሐኪሙ ሦስት ዓይነት ጠርቶላቸው ምርጫውን ለእሳቸው ተወው። ወንበሩ ላይ ትንሽ አረፍ አሉና "ልጄ፣ ገንዘቡን ልጆቼ ናቸው የሚከፍሉት። እኔ የምፈልገው ቆሎዬን ነው። የትኛው ነው ቆሎ የሚችለው?" አሉኝ።

የሚገርም ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው "የትኛው ያምራል" ወይም "የትኛው ረከሰ" ነው የሚለው። እኔም መልሼ ጠየቅኳቸው፤ "እማማ፣ ዚርኮኒያ ሲሉ የትኛውን ዚርኮኒያ ነው የነገሩዎት?" አላወቁም። እንዴት ያውቃሉ፣ ማን ነግሯቸው! ማስታወቂያው ላይ "ዚርኮኒያ" ብቻ ነው የሚለው። እኛ መደርደሪያ ላይ ግን በዚህ ስም የሚጠሩ፣ ጥንካሬያቸው በእጥፍ የሚለያይ ብሎኮች፣ ጥርሱ ተቆርጦ የሚወጣባቸው ጥሬ ቁሶች፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ሳልረሳው፦ እኔ ጥርሱን ሠሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የእናንተን አፍ ያየው እሱ ነው። ይሄን አንብባችሁ የምትጠይቁትን ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፣ ያ ይበቃል።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ

ዚርኮኒየም ብረት ነው። ዚርኮኒያ ደግሞ የዚርኮኒየም ኦክሳይድ፣ ማለትም ብረቱ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚሆነው ነጭ ነገር፣ ሴራሚክ ነው። ዚርኮን ሌላ ነው፤ ከመሬት የሚወጣ ማዕድን ነው፣ ጀርመናዊው ክላፕሮት እ.ኤ.አ. በ1789 አዲሱን ንጥረ ነገር ያገኘው ከእሱ ውስጥ ነው። ወርቅ ቤት "ዚርኮን" ብለው የሚሸጡላችሁ የቀለበት ፈርጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኪዩቢክ ዚርኮኒያ ነው። ይሄን ፈርጥ ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

ብረቱ ራሱ ሥራው ሌላ ቦታ ነው። የኒውክሌር ማመንጫ ውስጥ የዩራኒየሙን ነዳጅ የሚሸፍኑት ቀጫጭን ቱቦዎች የሚሠሩት ከዚርኮኒየም ቅይጥ ነው፣ ኒውትሮን እምብዛም ስለማይውጥ። እንግዲህ ብረቱም የሚሠራው ክራውን ነው ማለት ነው፣ ለዩራኒየም። ባህሪውም ይመሳሰላል፦ 863 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አተሞቹ አሰላለፍ ይቀይራሉ፣ ከስድስት ማዕዘን ወደ ኪዩብ። ቁሱ ሳይቀልጥ፣ ጠጣር እንደሆነ፣ የውስጥ አሰላለፉ ሲቀየር "ፌዝ ቀየረ" ይባላል። የጥርሱ ጉዳይ ሁሉ የሚዞረው እዚህች ነገር ላይ ነው።

ጠንካራ የሚያደርገው ምንድነው

ንጹህ ዚርኮኒያ በተራ የክፍል ሙቀት ሞኖክሊኒክ በሚባል አሰላለፍ ነው የሚቀመጠው። ወደ 1170 ዲግሪ ስታሞቁት ቴትራጎናል ይሆናል። 2370 ላይ ኪዩቢክ። ችግሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ከቴትራጎናል ወደ ሞኖክሊኒክ ሲመለስ ከ4 እስከ 5 በመቶ ይሰፋል። ሊጥ ቢሆን ምንም አልነበረም፣ ኩፍ ይላል። ሴራሚክ ግን መለጠጥ የሚባል አያውቅም፤ ይሰነጣጠቃል፣ ይፈረካከሳል። ስለዚህ ከንጹህ ዚርኮኒያ ጥርስ አይሠራም።

መላው ኢትሪያ ነው። ኢትሪየም የሚባል ሌላ ብረት ኦክሳይድ ነው፣ በክብደት ሳይሆን በሞለኪውል ብዛት (በሞል) ሲሰላ 3 በመቶ ያህል ይጨመራል። ያኔ ቴትራጎናሉ ቀዝቅዞም እንደታፈነ ይቀራል። መመለስ "ይፈልጋል"፣ ግን ዙሪያውን ያሉት ጎረቤቶቹ ጨምቀው ይዘውታል።

ሚኒባስ ውስጥ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ወያላው "ጠጋ ጠጋ በሉ" እያለ አራተኛ ሲጨምር ታውቁታላችሁ። ትከሻ ይጠባል፣ እጅ ጭን ላይ ይታጠፋል፣ ማንም አይንቀሳቀስም። ከዚያ ቃሊቲ ላይ አንዱ ሊወርድ ብድግ ሲል የቀሩት ሦስቱ ሳያስቡት ይለጠጣሉ፤ ክፍተቱ ወዲያው ድፍን። ዚርኮኒያም እንደዚያ ነው። ስንጥቅ ሲጀምር የስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ክፍተት ይፈጠራል። እዚያ ያሉት ታፍነው የነበሩ ቅንጣቶች "አገኘን" ብለው ወደ ሞኖክሊኒክ ይለወጣሉ፣ ይሰፋሉ፣ ስንጥቁን ከግራና ከቀኝ ጨብጠው ያስቆሙታል። ሌላው ሴራሚክ እንደ ብርጭቆ አንዴ ከጀመረ ጥግ ድረስ ነው የሚሄደው።

ይሄን አውስትራሊያ ይሠሩ የነበሩ ጋርቪ፣ ሃኒንክና ፓስኮ የሚባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ሲያወጡት ነገሩን ከአረብ ብረት (ከስቲል) ጋር ነበር ያመሳሰሉት። ነገሩ እውነት ነው። ቀጥቃጭ ስለቱን አግሎ ውሃ ውስጥ "ሽው" ሲያደርገው ብረቱ ውስጥ የሚሆነው ድንገተኛ የፌዝ ለውጥ የዚሁ ዘመድ ነው። አያቶቻችን ስሙን አልጠሩትም እንጂ ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

ባለ 3፣ ባለ 4፣ ባለ 5

አሁን ወደ ብሎኩ እንምጣ። ካርቶኑ ላይ 3ዋይ፣ 4ዋይ፣ 5ዋይ የሚል ታገኛላችሁ፤ ቁጥሩ የኢትሪያው መጠን ነው።

ባለ 3 ማለት ያ የታክሲው ወንበር ነው። ሁሉም ታፍኖ የተቀመጠ ቴትራጎናል። የመታጠፍ ጥንካሬው፣ ማለትም ሲታጠፍ ሳይሰበር የሚችለው ጫና፣ ከ900 እስከ 1,200 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) ይደርሳል። ለማነጻጸር፣ ክራውን ላይ የሚቀባው ተራ ፖርሰሊን 100 አካባቢ ነው። ጉድለቱ መልኩ ነው። ኖራ ኖራ ይላል። የፊት ጥርስ ላይ፣ ፎቶ ስትነሱ፣ ሌሎቹ ጥርሶች ብርሃኑን ሲያሳልፉ እሱ ብቻውን እንደ አዲስ ቀለም ግድግዳ ይቆማል።

ሰው ደግሞ የሚያምር ፈለገ። አምራቾቹ ምን አደረጉ? ኢትሪያውን ጨመሩ። ኢትሪያ ሲጨምር ከቅንጣቶቹ ከፊሉ ኪዩቢክ ሆኖ ይቀራል። ኪዩቢክ ብርሃን ያሳልፋል። ባለ 5 ውስጥ ኪዩቢኩ ግማሽ ገደማ ነው፣ በጣም ያምራል፣ ከተፈጥሮ ጥርስ ለመለየት ያስቸግራል።

ግን ኪዩቢክ አይለወጥም። ስንጥቅ ሲመጣ የሚለጠጥ ትከሻ የለውም። ወንበሩ ላይ አራተኛው ሰው የለም። ስለዚህ ባለ 5 ጥንካሬው ወደ 500፣ 600፣ ቢበዛ 700 ይወርዳል። የቀለበቱን ፈርጥ አስታወሳችሁ? ጥርሱ ባማረ ቁጥር ወደ ፈርጡ እየቀረበ ነው። ፈርጥ ደግሞ ቆሎ አይቆረጥምም።

ባለ 4 መሐል ላይ ነው። ብዙ ሰው "መሐሉን ስጠኝ" ይላል፣ እኔ ግን ጥርሱን ሳላይ አልስማማም። መሐል ላይ ያለ ነገር አንዳንዴ ለሁለቱም ይበቃል፣ አንዳንዴ ለሁለቱም አይበቃም። ከታችኛው ጥርስ ጋር ያለው ክፍተት ሰፊ ከሆነና ክራውኑ ወፈር ማለት ከቻለ፣ ለትንሿ መንጋጋ ጥሩ ነው። ሌላው ደግሞ ታችኛው ክፍል ባለ 3፣ የላይኛው ባለ 5 ሆኖ በአንድ ዲስክ የተጋገረ አለ። እሱ ጥሩ ሐሳብ ነው። ዋናው ጥንቃቄ ዲስኩ ላይ ጥርሱን ሲያስቀምጡ ነው፤ ድልድይ ከሆነ ጥርሶቹን የሚያያይዘው መገናኛ ያማረው ንብርብር ውስጥ መውደቅ የለበትም።

ድልድይ ስል፣ ማለትም የጠፋ ጥርስ ቦታ ሲሞላ፣ ዓለም አቀፍ የጥርስ ሴራሚክ ደረጃ አለ፣ አይሶ 6872 ይባላል። መንጋጋን የሚነካ ባለ ሦስት ጥርስ ድልድይ ቢያንስ 500 ሜጋፓስካል፣ አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ 800 ይጠይቃል። ባለ 5 ይዞ ረጅም ድልድይ የሚሠራ ካለ እንግዲህ ቁጥሩን እናንተው አወዳድሩት።

ተፎካካሪዎቹ

ፖርሰሊን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ብረት፣ ላዩ ፖርሰሊን የሆነውን ነው። አሁን የመጣ ነገር አይደለም፣ ብዙ የተሞከረ፣ ዋጋውም ብዙ ቦታ ከዚርኮኒያ ያነሰ። እኔ አልንቀውም። ውስጡ ያለው ብረት አይሰበርም፤ የሚሄደው ላዩ ነው፣ ይፈነከታል። ከዓመታት በኋላ ድዱ ትንሽ ሲሸሽ ጠርዙ ላይ ግራጫ መስመር ብቅ ይላል፣ ያ ብረቱ ነው። አንድ ነገር ግን ጠይቁ፦ ብረቱ ኒኬል አለው ወይ? ርካሽ ጉትቻ ወይም የሰዓት ማሰሪያ ሲያደርጉ የሚያሳክካቸው ሰዎች ኒኬል የማይስማማቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለሐኪሙ ቀድመው ይንገሩት።

ዚርኮኒያ ሆኖ ላዩ ፖርሰሊን የተቀባም አለ። መልኩ ቆንጆ ነው። ለመንጋጋ ግን አልመክረውም። ዚርኮኒያ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም፣ ስለዚህ ከምድጃ ሲወጣ ውስጡና ላዩ እኩል አይቀዘቅዙም፤ ፖርሰሊኑ ውስጥ ውጥረት ይቀራል፣ አንድ ቀን ቅርፊቱ ይነሳል። ለኋላ ጥርስ ከሆነ ወጥ ዚርኮኒያ ይሻላል፣ ሙሉ በሙሉ አንድ ቁስ።

ኢማክስ የብራንድ ስም ነው፣ ቁሱ ሊቲየም ዳይሲሊኬት ይባላል፣ መስታወት ቀመስ ሴራሚክ ነው። በመቁረጫ ማሽን የሚሠራውን ዓይነት ብታዩት ደስ ይላችኋል። ብሎኩ ሲመጣ ሐምራዊ ነው፤ ዕቃ የሚሸጡልን ሰዎች ሳይቀሩ መጀመሪያ ሲያዩት ተሳስቶ የመጣ ይመስላቸዋል። በዚያ ሁኔታ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይቆረጣል። ከዚያ 840 ዲግሪ ገደማ ምድጃ ውስጥ ገብቶ የውስጥ ክሪስታሉ ይቀየራል፣ ሐምራዊው ጠፍቶ የጥርስ ቀለም ይሆናል፣ ይጠነክራል። እሱም የፌዝ ለውጥ ነው እንግዲህ፣ ለዚያውም በዓይን የሚታይ። የመጨረሻ ጥንካሬው ከ350 እስከ 500 ሜጋፓስካል መሐል ነው። ከባለ 5 ያን ያህል አይርቅም፣ ግን አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፣ መጣበቅ። መስታወት ስላለበት በአሲድ ይበላል፣ ሻካራ ይሆናል፣ ሙጫው ይገባበታል፣ ከጥርሱ ጋር አንድ አካል ይሆናል። ዚርኮኒያ ውስጥ መስታወት የለም፣ ያ አሲድ ምንም አያደርገውም።

ወርቅ? ወርቅ ጥርስ ድሮ ሠርግ ላይ ሳቅ ሲባል ብልጭ የሚል ኩራት ነበር። ከቁስ አንጻር ዛሬም ግሩም ነው፣ ተቃራኒውን ጥርስ አይጎዳም፣ አይሰበርም። ዋጋውን ግን ወርቅ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁና ተመለሱ።

እንግዲህ ማን የቱን ይውሰድ

የኋላ መንጋጋ፣ አንድ ክራውን፣ አጥንት መቆርጠምና ቆሎ የሚወድ ሰው፦ ወጥ ባለ 3። ሳላቅማማ። ደግሞ ቀጭን ሆኖ መሠራት ይችላል፣ እስከ 1 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዱ ከዚያም በታች። ኢማክስ መንከሻው ላይ ወደ 1.5፣ ባለ ብረቱ ፖርሰሊን ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ። ይሄ ማለት ባለ 3 ሲሆን ጥርሳችሁ ብዙም አይሞረድም። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም፣ ስለዚህ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀልድ አይደለም።

ማታ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰውም እንደዚሁ ባለ 3። "ጠንካራ ስለሆነ ተቃራኒውን ጥርስ አይፈጭም ወይ?" የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። በሚገባ የተወለወለ ዚርኮኒያ ከፖርሰሊን ያነሰ ነው የሚፈጨው። ዋናው ቁልፉ መወልወሉ ነው። ሐኪሙ ወንበር ላይ "ትንሽ ከፍ ብሏል" ብሎ ሞርዶት እንዲሁ ካሰናበታችሁ ግን አፋችሁ ውስጥ ብርጭቆ ወረቀት አስገብታችኋል። በምላሳችሁ ዳስሱት። ሻከረ? ዶክተር፣ ይወልወልልኝ በሉ። አታፍሩ።

የፊት ጥርስ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ የሚያርፈው ኃይል ያነሰ ነው፣ መልክ ይቀድማል። ከስሩ ያለው ጥርስ ነጭ ከሆነ ኢማክስ ወይም ባለ 5። እኔ አንዱን ምረጥ ብባል ኢማክስ፣ በመጣበቁ ምክንያት።

ከስሩ ያለው ጥርስ ጠቆር ያለ ከሆነስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ከኋላው ያለውንም ያሳያል። የስር ሕክምና ተደርጎለት የጠቆረ፣ ወይም ውስጡ የብረት ፖስት (ስሩ ውስጥ የሚተከል ዘንግ) ያለው ጥርስ ላይ ባለ 5 ብታስደርጉ ግራጫው ፈገግ ስትሉ ይወጣል። መጋረጃው ሳስቷል ማለት ነው። ያኔ ወፈር ያለ መጋረጃ ነው የሚያስፈልገው፤ ባለ 3 ሆኖ ፊት ለፊቱ ብቻ ስስ ፖርሰሊን የተቀባ፣ ወይም ያው የድሮው ባለ ብረት።

የስምጥ ሸለቆ ልጆችም እዚሁ ውስጥ ናችሁ። ወንጂ፣ አዳማ፣ ዝዋይ አካባቢ ያደገ ሰው ጥርሱ ላይ ያለው ቡናማ ነገር ከጉድጓዱ ውሃ የመጣ ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፣ እዚያ ብዙ ጉድጓድ ከዚያ በላይ ነው። ቱሉ ዲምቱ ከመስመሩ ላይ ስለሆነ እኛ ጋ ይሄ ጉዳይ ይበዛል። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ "አሥሩንም በዚርኮኒያ" ብሎ ሲመጣ ሆዴ ይባባል። ጤነኛ አሥር ጥርስ ሊሞረድ ነው! ቀለሙ ከላይ ብቻ ከሆነ ሐኪሙ መጀመሪያ ሌላ መንገድ አለው፣ ስስ አድርጎ መፋቅ፣ ማንጣት። እሱን ጠይቁ። ክራውን መጨረሻ ላይ ነው።

ሌላ አንድ ነገር፣ ጉቶው አጭር ከሆነ። ሐኪሙ ሞርዶ የተረፈው ጥርስ አጭር ሲሆን ዚርኮኒያ የመውለቅ ጠባይ አለው፤ ቁሱ ሳይሰበር ሙሉውን እንጀራ ላይ ዱብ ይላል። እዚህ ላይ ሙጫው ሁሉ ነገር ነው። የዚርኮኒያው ውስጥ በስሱ በአሉሚና አሸዋ ይነፋል፣ ኤምዲፒ የሚባል ነገር ያለው ፕራይመር፣ ሙጫውን ከዚርኮኒያው ጋር የሚያስይዝ ቅብ፣ ይቀባል። ሙከራ ላይ ምራቅ ከነካው በደንብ መጽዳት አለበት፣ ምራቅ ውስጥ ያለው ፎስፌት ፕራይመሩ የሚይዝበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። በፎስፎሪክ አሲድ ላጽዳው ማለት ደግሞ ባሰ፣ ያው ፎስፌት መጨመር ነው።

መብራት

ቁሱን መምረጥ አንድ ነገር ነው፣ ማን ጋገረው ደግሞ ሌላ። ይሄን ማንም አይጠይቅም፣ እኔ ግን ብጠየቅ ደስ ይለኛል።

የዚርኮኒያ ብሎክ ሲመጣ ጠመኔ ነው። እውነቴን ነው፣ በቀላሉ ይፋቃል። ማሽኑ ጥርሱን ከ20 እስከ 25 በመቶ አስበልጦ ይቆርጠዋል፣ ምክንያቱም ምድጃ ውስጥ ያን ያህል ይጨማደዳል። ከዚያ 1500 ዲግሪ አካባቢ ይጋገራል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ እዚያ ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ተራው ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። ማታ ከትተን እንሄዳለን፣ ጠዋት እናወጣለን።

አንድ ጠዋት ገባሁ። የምድጃው መስኮት ላይ ቁጥሩ ብልጭ ጥፍት ይላል። ሌሊት መብራት ሄዶ መጥቷል። ከፈትኩት፤ ባለ ሦስት ጥርስ ድልድይ ነበር። ነጭ፣ ደረቅ፣ ያልበሰለ ዳቦ መልክ። ሞዴሉ ላይ ሳስቀምጠው ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ለታናሽ ወንድም የታላቁን ጃኬት እንደማልበስ። ታካሚዋ በማግስቱ ቀጠሮ አላት። ጄኔሬተር ያኔ አልነበረንም።

መልሼ ጋገርኩት። ያላደረገ ቴክኒሺያን ካለ ይፍረድብኝ። ተጨማደደ፣ ገጠመ፣ አማረ፣ ተላከ። ስድስት ወር ሳይሞላው መገናኛው ላይ ተሰብሮ በፕላስቲክ ከረጢት ተመለሰልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ቴትራጎናሉ ታፍኖ የሚቆየው ቅንጣቶቹ ጥቃቅን ሲሆኑ ነው፣ ከአንድ ማይክሮን (ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) በታች። ሁለቴ ስትጋግሩት ቅንጣቱ ያድጋል፤ ያደገ ቅንጣት ደግሞ ማንም ሳይነካው ለመለወጥ የተዘጋጀ ነው። ታክሲው ገና ሳይቆም ሰዉ መነሳት ጀመረ ማለት ነው። አሁን መብራት የሄደበትን ሥራ እጥላለሁ። ያማል፣ ብሎኩ በዶላር ነው የሚመጣው፣ ግን እጥላለሁ።

የምድጃ ነገር ትንሽ ከመሰላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰው ሠራሽ የዳሌ ኳሶች የሰው አካል ውስጥ ተሰባብረዋል። ዚርኮኒያ ነበሩ። ቁሱ ያው የድሮው ነው፤ አምራቹ የቀየረው የምድጃውን ዓይነት ነበር። በአዲሱ ምድጃ ያለፉት ውስጣቸው በቂ ጥግግት ሳያገኝ ቀረ፣ የሰውነት ፈሳሽ ደግሞ የቀረውን ጨረሰው።

አዎ፣ ውሃ። ባለ 3 አንድ ድክመት አለው። እርጥበት ሲያገኘው ላዩ ላይ ያለው ቴትራጎናል ቀስ በቀስ፣ በዓመታት፣ በራሱ ወደ ሞኖክሊኒክ ይለወጣል። እርጅና ይሉታል። በሚገባ ለተጋገረና ለተወለወለ ክራውን ይሄ የሚያሳስብ ነገር አይደለም። በደረቅ መሞረጃ፣ ውሃ ሳይረጭበት፣ ብልጭታ እስኪወጣው የተሞረደ ክራውን ላይ ግን ስንጥቁም ሙቀቱም አንድ ላይ ስለሚገቡ በር ይከፈትለታል። ባለ 5 ደግሞ ኪዩቢኩ ስለሚበዛበት በዚህ በኩል ይሻላል፤ የሚለወጥ ነገር ብዙም የለውማ።

ኢምፕላንት ላሰባችሁ፣ ባጭሩ

የሚተከለው ስር ብዙውን ጊዜ ቲታኒየም ነው፣ ስዊድናዊው ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያውን ሰው ላይ ከተከለ ጀምሮ። አጥንታችሁ ቀጭን ነው ከተባላችሁ ቲታኒየም ከ15 በመቶ ገደማ ዚርኮኒየም ጋር የተቀየጠበት አለ፤ ከንጹህ ቲታኒየም ስለሚጠነክር ቀጠን ብሎ መሠራት ይችላል። እዚህ ላይ የሚገባው ብረቱ ዚርኮኒየም ነው። "ዚርኮኒያ ኢምፕላንት" ካሏችሁ ግን ነጩ ሴራሚክ ነው። ድዱ ስስ ለሆነና ብረት ለማይፈልግ ሰው ጥሩ ነው። ለሌላው ቲታኒየሙ ይበቃል፣ ሲበላሽም ሐኪሙ የሚያደርገውን ያውቃል።

ሐኪሙ ጋ ስትገቡ

"ዚርኮኒያ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ መልሱ ሁሌ አዎ ነው። "ባለ ስንት ነው? ወጥ ነው ወይስ ፖርሰሊን የተቀባ? ከላብራቶሪው የብሎኩን ስቲከር ማየት እችላለሁ?" በሉ። ስቲከሩ እኛ ጋ አለ፣ ካርቶኑ ላይ ተለጥፎ ነው የሚመጣው፣ የሚደበቅ ነገር የለውም። ከጠየቃችሁ ከክራውኑ ጋር በባጃጅ እንልከዋለን።

እማማ ባለ 3 ወሰዱ። መልኩን ሳሳያቸው ትንሽ አሰቡና "ይሄ ነጭነቱ የጎረምሳ ሆነብኝ" አሉ። ከኋላ ስለሆነ አይታይም አልኳቸው። ትንሽ ቀለም አስገብተን ጎረቤቱን ጥርስ አስመሰልነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረጃውን ወጥተው መጡ፣ በፌስታል ቆሎ ይዘው። "ለቅሜዋለሁ፣ ጠጠር የለውም፣ ብላ" አሉኝ። እሳቸው ግን ቆመው በግራ በኩል ነበር የሚቆረጥሙት፤ አዲሱ በቀኝ ነው። "እማማ፣ በቀኙ ይሞክሩት እንጂ" ስላቸው "ቆይ ልጄ፣ ይልመድ መጀመሪያ" አሉ።